የማክሰኞ አይብ

ስልኬ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ሁልጊዜ ትስቃለች። ጥፍሯ ቀይ፣ ወጥ ቤቷ ነጭ፣ ቲማቲሙን ስትፈለፍለው አንዲት ጠብታ እንኳ ልብሷን አትነካትም። «በጣም ቀላል ነው» ትላለች። «ቲማቲም፣ ቺዝ፣ ትንሽ ቅጠል! እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ እንኳ ይደርሳል!» ያን ቀን ጠዋት ደጋግሜ አየኋትና በመጨረሻ ስልኩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ለሷ ቀላል ነው። የሷ እንግዳ እህቷ አይደለችማ።

የኔ እንግዳ እህቴ ነበረች። ኬኔ ትባላለች፤ የአባቴ የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ እኔ ሊሊሴ ደግሞ የመጨረሻዋ። ሁለታችንም የተወለድነው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ኬኔ ለማስተማር ጉቴ ተመድባ ሄደችና አላዛር የሚባል ሾፌር ወደደች። ጉቴ ሩቅ አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ የጀመራችሁትን ወሬ ሳትጨርሱ ትደርሳላችሁ። አላዛር ግን ከወሎ የመጡ ኦርቶዶክሶች ልጅ ነው፤ አባቴ ኦቦ ጉሉማ ደግሞ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ነገሩ ይሄ ብቻ ቢሆን አባቴ ትንሽ አኩርፎ ይተወው ነበር። ኬኔ ግን ሳትነግረው ተጠመቀች፣ ሳትነግረው ተዳረች። እሱም ወሬውን የሰማው እሁድ ከአምልኮ ሲወጣ ከሰው አፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። ይኸው አምስት ዓመት ሆነ።

ሃርሜ፣ እናታችንን የምንጠራት እንዲህ ነው፣ ባለፈው ክረምት ሞተች። ኬኔ ከጉቴ ሰዎች ጋር መጥታ ከለቀስተኛው ሁሉ ኋላ ቆማ አለቀሰች፤ እንደ ሩቅ ጎረቤት። አባቴ በአጠገቧ አልፏት ሄደ። ያን ጊዜ አባቴን ጠላሁት፤ ምን ይደበቃል፣ ጠላሁት። ሃርሜ ግን ከመሞቷ በፊት እጁን ይዛ «ጥራትና አብላት፤ በእጅህ አብላት» ብላው ነበር፣ እሱም እሺ ብሏታል። እሺ ያለውን የማያደርግ ሰው አይደለም። ነገሩ ሲብላላበት ከርሞ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና «ጥሪያት» አለኝ።

«ማንን?» አልኩት፤ ስሟን እንዲጠራ ብዬ።

አልጠራም። «በዚህ እጄ አጎርሳታለሁ። ከበላች ልጄ ናት። እንደ ባዕድ ቤት ተጸይፋ ከመለሰችው ግን ሊሊሴ፣ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

ጉርሻ የመለሰ ሰው ምግቡን ሳይሆን ሰውዬውን ነው የሚመልሰው፤ ይሄንን እኛ ቤት ማንም ለማንም አያስረዳም። ስለዚህ ቀልቤን ሰብስቤ ማሰብ ጀመርኩ። ስጋ አይሆንም። ከኬኔ ጋር የሚመጡት አማቷ፣ የአላዛር አባት አቶ ዋለ ናቸው፤ የኛ ሰው ያረደውን ይብሉ አይብሉ አላውቅም፣ ጠይቄም ነገር መቆስቆስ አልፈለግሁም። እና እራት ቀርቶ መክሰስ ይሁን፣ የአራጅ ቢላዋ ያላረፈበት መክሰስ። ቲማቲምና አይብ። ኬኔ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አይብ ካየች ሌላ አታይም። አይብ ሃይማኖት የለውም ብዬ ነበር።

ቀኑን የመረጠው አባቴ ራሱ ነው። «እሁድ እኛም እነሱም ቤተ ክርስቲያን እንውላለን። ቅዳሜ ገበያ ነው» አለና ትንሽ ቆይቶ «ረቡዕና ዓርብ እነሱ ይጾማሉ። ማክሰኞ ይሁን» አለኝ። ስሟን የማይጠራት ሰው ጾሟን አስታውሶ! ሮጬ ሄጄ ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። ለኬኔ ደውዬ ማክሰኞ ስላት ዝም አለች። ከዚያ «እሺ ሊሊ። ማክሰኞ እመጣለሁ» አለች። ከደስታዋ የተነሳ መናገር ያቃታት መሰለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ገበያ ወረድኩ። አይብ እንደዚያ ቀን በዝቶ አይቼ አላውቅም። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው ተደርድሮ ሴቶቹ ከሩቅ ይጠሩኛል። «ኮቱ ኢንተለ ኮ፣ ፉዸዹ!» አለችኝ አንዷ፣ ነይ ልጄ፣ ውሰጂ ማለቷ ነው። «ዛሬ የሚገዛን ጠፋ፣ እላያችን ላይ ሊኮመጥጥብን ነው።» ዋጋውን ገና ሳልከራከራት ቀነሰችልኝ። እኔ ጅሏ እግዚአብሔር ከኛ ጋር ነው ብዬ እየዘመርኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ቲማቲሞቹን አናታቸውን ቆርጬ፣ ውስጣቸውን በማንኪያ ፈልፍዬ፣ ጨው ነስንሼ ውሃቸው እንዲንጠፈጠፍ ትሪ ላይ ደፋኋቸው። አይቡን በንጹሕ ጨርቅ ጨመቅሁትና በሶብላ፣ የደቀቀ ቃሪያና ጥቁር አዝሙድ ለወስኩበት። ባለ ቀይ ጥፍሯ ሴትዮ ጥቁር አዝሙድ አታውቅም፤ አውቃ ቢሆን ኖሮ የባሰ ትስቅ ነበር። እየሞላሁ ክዳናቸውን በስቴኪኒ ስሰካው፣ እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር።

አባቴ ገባ። ሃርሜ ካረፈች ወዲህ የወጥ ቤቱ በር ላይ እንኳ ቆሞ አያውቅም። ጥፍሩን ቆርጧል፣ እጁን ታጥቦ ታጥቦ ቆዳው ተሸብሽቧል። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ የተማሪ ደብተር እንደሚያርም ቲማቲሞቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየና ትልቁንና ቀዩን መረጠ። ማንኪያ ስሰጠው አልተቀበለኝም፤ በጣቱ አይቡን ጠቅጥቆ ሞላበት። በሃርሜ ትንሽ ሰሃን ላይ አስቀምጦ በሃርሜ ነጭ መሐረብ ሸፈነው።

«ኬኔ አይብ ትወዳለች» አለና ይዞት ወደ ክፍሉ ሄደ።

ስሟን ጠራ። እንባዬን በሽንኩርት እንዳላሳብብ ቤቱ ውስጥ የተከተፈ ሽንኩርት አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ሩክያ ብርጭቆ ልታውሰኝ መጣች። ሙስሊም ናት፣ የወሎ ሰው፤ በድርቁ ዘመን በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር መጥታ እዚሁ አድጋ እዚሁ ወልዳለች። ደጃችን ላይ አትክልት ትሸጣለች። ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ ትሪውን አየችና ፊቷ ዳመነ።

«ይኼ ለማን ነው?»

«ለኬኔ ነዋ! ለኬኔና ለአማቷ።»

«ለአቶ ዋለ? ኧረ በአላህ፣ ሊሊሴ! ጾም አይደለም እንዴ?»

ሳቅሁባት። «እትዬ ሩክያ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞማ መሆኑን መች አጣሁት! የነነዌ ጾም ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ እናንተ አታውቁትም። እኔ ጎረቤቶቻችን ሲጾሙት እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አይብ ቀርቶ ወተት ያየ ዕቃ አይነኩም።»

የገበያው አይብ ትዝ አለኝ፤ ያ ሁሉ አይብ፣ ያቺ ዋጋ የቀነሰችልኝ ሴትዮ፣ የዘመርኩት መዝሙር። ከተማው ውስጥ ጾመኛው ሁሉ አይብ ትቶ እኔ ብቻ ነኝ ተሸክሜው የመጣሁት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በሃርሜ መሐረብ የተሸፈነው ሰሃን ነበር። አባቴ አይቡን ያጎርሳታል፤ እሷ አትበላም፤ እሱም «መለሰችው» ይላል። ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ ብሎኛል፣ እና ያደርገዋል።

ለኬኔ ደወልኩ። ታክሲ ውስጥ ነበረች፣ ሞተሩ ይሰማኛል።

«ኬኔ፣ ጾም ነው እንዴ?»

አጠገቧ ያሉት አማቷ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አዎ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ቀኑን እንቀይረው ነበር እኮ!»

«ይቀየራል ሊሊ? አባ አንዴ ማክሰኞ ካለ በኋላ፣ እኔ አይመቸኝም ብዬው ይቀየራል? ዛሬም ጾምሽ በለጠብሽ ቢለኝስ? ፈራሁ። ዳቦ እቆርሳለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ያልፋል አልኩ።»

«አያልፍም! ስሚኝ፣ አባ በእጁ…»

ኔትወርኩ ሄደ። የኛን አገር ኔትወርክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደወልኩ፣ ደወልኩ፤ አልገባ አለኝ። ስልኩን ልወረውረው እጄን አንስቼ ነበር፤ እትዬ ሩክያ ያዘችኝ።

አባቴ ጋ ሄድኩ። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሃርሜ የገዛችለትን ከረባት አስሮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሰሃኑ ከጎኑ ነው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። «ያስታውቅብኝ ይሆን?»

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የሚለውን ቀድሜ ሰማሁት፤ ረቡዕንም ዓርብንም ትቼላት ማክሰኞንም ወሰዱብኝ ነው የሚለው። ከረባቱን ይፈታል፣ በሩን ይዘጋል፣ ኬኔ መጥታ የተዘጋ በር ታያለች። አውቀዋለሁ፤ ግትርነቴን ከማን ወረስኩት?

«አባ፣ እሱን ስጠኝና ፍሪጅ ላስገባው። ሙቀቱ ያበላሸዋል።»

«ተይው።»

«ዳቦ ብታጎርሳትስ? ዳቦ እኮ…»

«ሊሊሴ» አለ፤ ድምፁ አልጠነከረም፣ እንዲያውም ደከመ። «ዛሬን ለመድረስ ምን እንደፈጀብኝ አታውቂም። ዛሬ ካለፈ እኔ ሌላ ቀን የለኝም። ተይኝ።»

ተውኩት። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት፤ ግድግዳው ምን አደረገኝ? እጄ አበጠ፣ ያም ሥራዬን አዘገየብኝ።

«አብሽሪ» አለችኝ እትዬ ሩክያ። «ቢያንስ ትሪው ይዳን።» እኔ አይቡን ከቲማቲሞቹ ውስጥ ልጠርግ ስል እጄን መታችኝ። «አንዴ አይብ የነካውን ተይው። አዲስ ነው የሚሠራ።» ከመደቧ የተረፋት ቲማቲም ግማሹ ያልቀላ ነበር፤ እሱኑ አመጣች። ከጓሮዋ አቮካዶ ለቅማ መጣች። ማንኪያውንም ሰሃኑንም ቢላዋውንም ከቤቷ አመጣች። አቮካዶውን በሎሚና በጨው ፈጭቼ፣ ቃሪያና በሶብላ ጨምሬ፣ በዚያ ባበጠ እጄ እየሞላሁ አለቀስኩ። ኬኔ አቮካዶ አትወድም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳሙና ሳሙና ይለኛል ትላለች። ግን ያን ቀን የምርጫ ቀን አልነበረም። ክዳኖቹ አልገጥም አሉ፣ አንዳንዱ ቲማቲም ቆሞ አልቀመጥ አለ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞርኩባት ሴትዮ ብታየው ሳቋን ታቆም ነበር። የአይቡን ትሪ ወስጄ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም አባቴ ጎን።

አስር ሰዓት ላይ መጡ።

መጀመሪያ አቶ ዋለ ገቡ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው። ከኋላቸው ኬኔ የአራት ዓመት ልጇን አሜንን በእጇ ይዛ። ከስታለች፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልረጋ ብሏታል። ደፉ ላይ ደረሰችና ቆመች።

«ልግባ?» አለችኝ።

የተወለደችበት ቤት! ጎትቼ አስገባኋት፣ አቅፌያት የጨበጥኩት አጥንት ብቻ መሰለኝ። ጆሮዋ ሥር «አባ በእጁ…» ማለት ስጀምር አሜን መሃላችን ገብታ ቀሚሴን ጎተተች፣ አቶ ዋለም እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ሽማግሌ ቆሞ አይጠበቅ። አስቀመጥኳቸው፣ እጅ አስታጠብኳቸው፣ ትሪውን አቀረብኩ።

አቶ ዋለ ጎንበስ ብለው አዩትና በቀስታ «የጾም ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። አቮካዶ ነው።»

«ተባረኪ ልጄ። እኔማ እናንተ አታውቁትም ብዬ ይኸው» አሉና ከኮታቸው ኪስ ጭብጥ ሙሉ ቆሎ አሳይተውኝ መለሱት። በሌላ ቀን ቢሆን ስቄ እሞት ነበር።

የአባቴ ክፍል በር ተከፈተ።

ሰሃኑን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ለአቶ ዋለ «እንኳን ደህና መጡ» አላቸው በአማርኛ፣ አጎንብሶ፣ ደንበኛ አቀባበል ነበር። ከዚያ በኬኔ ፊት ቆመ። እሷ ተነሳች። አምስት ዓመት ፊት ለፊት ያልተያዩ ሰዎች ምን ይሆናሉ? ሁለቱም ወለሉን አዩ።

«አባ፣ መጀመሪያ ጸሎት እናድርግ» አልኩ፤ ጊዜ ልግዛ ብዬ። በእጁ ዝም በይ አለኝ።

«እናትሽ አብላት ብላኛለች» አለ። መሐረቡን አነሳ፣ ቲማቲሙን ያዘ። አይቡ ነጭ ሆኖ ወጥቶ ይታያል፤ ከመሐረቡ ይልቅ ነጭ። ወደ አፏ ዘረጋው። «ኛዹ፣ ኢንተለ ኮ።» ብዪ፣ ልጄ።

ልጄ አላት። ይሄን ቃል ስትጠብቅ ነው የከሳችው።

ኬኔ እኔን አየችኝ። ምን ላድርጋት? ወደ አማቷ ዞረች። አቶ ዋለ አይቡን አይተውታል። ትንሽ አሰቡና «ኤዲያ፣ መንገዱ አድክሞኛል፣ እንቅልፌ መጣ» ብለው ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡት። ከጉቴ ነቀምቴ መጥቶ ማን ይደክመዋል? አላየሁም ማለታቸው ነበር። ብትበላም እኔ አላየሁም፣ በቤቴም አትነቀፊም ማለታቸው ነበር። እኔ ገብቶኛል፤ ለኬኔም ገብቷታል። ብዪው፣ አልኳት በልቤ። በናትሽ ብዪው፣ እግዚአብሔር ይረዳሻል።

አፏን ከፈተች። የአባቴ እጅ ቀረበ። ከዚያ መልሳ ገጠመችው፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አባ፣ ጾም ላይ ነኝ።»

«ማክሰኞ ነው» አለ አባቴ። እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። «የምትጾሙት ረቡዕና ዓርብ ነው። አውቃለሁ። እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው ማክሰኞን…»

«የነነዌ ጾም ነው አባ። እስከ ነገ ነው። ከነገርኩህ መጥራትህን ትተወዋለህ ብዬ ፈርቼ ነው። አባ፣ እጅህን አልመለስኩም። ወላጅ እናቴን፣ እጅህን አይደለም የመለስኩት!»

አባቴ ቲማቲሙን ያየዋል። ፊቱ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር፣ መንገድ ላይ ቆሞ ወዴት እንደሚሄድ የረሳ ሰው። ከአይቡ ግማሹ በጣቶቹ መሃል እየተንሸራተተ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ቲማቲሙን ሰሃኑ ላይ መለሰ፣ ሰሃኑን ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ በኬኔ አጠገብ አልፎ ወጣ። ልክ እንደ ቀብሩ ቀን። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

አቶ ዋለ ጋቢያቸውን ከፊታቸው አወረዱ። «እንሂድ ልጄ» አሉ። «ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው።»

ኬኔ ነጠላዋን ለመልበስ ሞከረች፣ ጫፉ ጠፋባት። እኔ በሩ ላይ ሄጄ ተገተርኩ።

«የትም አትሄዱም!» ጮኽኩ። በማን ላይ እንደምጮህ እንኳ አላውቅም። «አምስት ዓመት በሁለታችሁ መሃል ተሰንጥቄ ኖሬያለሁ! እሱ ስምሽን አይጠራ፣ አንቺ ደውለሽ ደህና ነው ወይ ብለሽ ታለቅሺብኛለሽ። ሃርሜ ሞተች፣ አሁን ደግሞ ማን እስኪሞት ነው የምትጠብቁት? ለአይብ ብላችሁ!»

«ለአይብ አይደለም ሊሊ» አለች ኬኔ፣ ድምጿ ተቆርጦ። «ቢሆንማ እበላው ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ከግቢ ውሃ ሲወርድ የሰማነው። የቧንቧው ውሃ ነበር፣ ሲሚንቶው ላይ ይንፏፏል። አይቆምም። አባቴ እኛን ከእጁ ላይ እያጠበን መሰለኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ አላውቃችሁም ማለቱ መሰለኝ። ተስፋዬ ያን ጊዜ ተቆረጠ፤ ከበሩ ላይ ዞር አልኩላቸው፣ ይሂዱ።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ተከፈተ።

ኮቱን አውልቋል። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎታል፣ ከረባቱ ረጥቧል፣ ከእጁ ውሃ ይንጠባጠባል። የልብስ ሳሙና ይሸታል። ኬኔን አላያትም፤ ቀጥ ብሎ አቶ ዋለ ፊት ሄዶ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው።

«እርስዎ ይዩልኝ» አለ። «በሳሙና ነው፣ ደጋግሜ ነው። በጥፍሬም መሃል አሽቻለሁ። አይብ ቀርቶበት ይሆን?»

አቶ ዋለ እጆቹን ተቀበሉ። ቀስ ብለው አገላበጧቸው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ለያይተው አዩ። ለይስሙላ አልነበረም፣ ከልባቸው ነበር የሚያዩት።

«ንጹሕ ነው፣ ወንድሜ» አሉ። «ምንም የለበትም። ንጹሕ ነው።»

አባቴ ወደ ትሪው ዞረ። «ይኼስ ይበላል?»

«ይበላል» አልኩ፤ ከኔ አፍ መውጣቱን እንጃ።

ከእነዚያ ከተንጋደዱት ቲማቲሞች አንዱን አነሳና በኬኔ ፊት ቆመ። እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ አሁን ግን አልደበቀውም። ኬኔ አየችውና እንባዋ መሃል አንዳች ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣት።

«አባ፣ አቮካዶ እኮ አልወድም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ብዪው።»

በላችው። ሁሉንም፣ በአንዴ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ጭማቂው አገጯ ላይ እየወረደ። አባቴ እስክትውጠው ድረስ እጁን ከፊቷ አላነሳም፤ ከዋጠች በኋላ በመዳፉ አገጯን ጠረገላት፣ ያን ጊዜ እደረቱ ላይ ወደቀች። አቶ ዋለ ጋቢያቸውን እንደገና ፊታቸው ላይ ሳቡት። አሁን ግን እንቅልፌ መጣ አላሉም።

አሜንን ሁላችንም ረስተናታል። ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ የሃርሜን ሰሃን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የኬኔን ቲማቲም ግጣ ጨርሳዋለች። ሕፃን ናት፣ ጾም የለባት፤ እስከ አፍንጫዋ አይብ ሆናለች።

«ሌላ አለ?» አለች።

አባቴ ጎንበስ ብሎ አያት። ከተወለደች አይቷት አያውቅም። እኔ ከአልጋዬ ሥር ያን ሁሉ የደበቅኩትን ትሪ ይዤ መጣሁ። አባቴ በሙሉ ልብስ ሱሪው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ፣ አይብ ከሞላባቸው አንዱን አንስቶ አጎረሳት፣ ከዚያ ሌላ። እሷም በአይብ እጇ ከረባቱን ያዘችው።

ጉርሻ ደግሞ አንድ ብቻ አይሆንም። «ኬኔ፣ ነይ ድገሚ» አለ አባቴ ቀና ብሎ። እጁን ወደ አቮካዶው ትሪ ሰደደና መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ጣቶቹን አየ፤ ነጭ ሆነዋል።

«ትንሽ ቆዩኝ» አለና ጉልበቱን ይዞ ተነስቶ፣ እንደገና ሊታጠብ ወጣ።